ባቡሩ እስኪመጣ አውቶቡሱ ሰዓት ይኑረው

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች «ባቡር» የተባለ እንደ ሆነ ለብዙ ሰው አስቀድሞ የሚታሰበው እህል የሚፈጭበት ወፍጮ ነው። በአጋሮም ሆነ በሰቃ፣ በሸቤም ሆነ በየቡ አንዲት እናት «ባቡር ቤት ደርሼ መጣሁ» ያሉ እንደ ሆነ በቆሏቸውን አስፈጭተው ተመለሱ ማለት እንጂ ሐዲድ አዩ ማለት አይደለም። ሐዲድ ያለው፣ ሰውና ዕቃ ጭኖ የሚሄደው ባቡር ወደዚህ አገር ይመጣል ከተባለ ግን መቶ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። እስከ ዛሬ ጊቤን አልተሻገረም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን በቅርቡ በሻይ ቤት ተጀምሮ መኝታ ቤታችን ድረስ የተከተለን ክርክር ነው። ከወንድሞቻችን አንዱ «ለጅማ የሚያስፈልጋት ባቡር ነው፤ ሌላው ሁሉ ጊዜ ማጥፊያ ነው» አለ። ሁለተኛው ደግሞ «የእኛ ባቡር ላም አለኝ በሰማይ ነው» ብሎ ሳቀበት። ሁለቱንም ሰማን፤ በሁለቱም አልረካንም። የመጀመሪያው ወንድማችን ባቡሩን ሲጠብቅ ዛሬ በመንገድ ላይ የቆመውን ሰው ረሳ። ሁለተኛው በመሳቁ ብቻ ነገሩን የፈጸመ መሰለው። በእኛ አሳብ ባቡሩን መጠየቅ ይገባል፤ የሚጠየቀው ግን በቡናው ስም ብቻ ሳይሆን ከሁሉ አስቀድሞ በተጓዡ ሕዝብ ስም ነው። የተጓዡ ነገር ከተነሣ ደግሞ ሥራው የሚጀመረው ዛሬ፣ ሰዓት ካለው አውቶቡስ ነው። ምክንያታችንን እናስረዳ።

አስቀድሞ የታሪኩን ነገር እናንሣ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር ሐዲድ ለመዘርጋት ፈቃድ በሰጡ ጊዜ መሥመሩ በሦስት ክፍል ታስቦ ነበር። የመጀመሪያው ከጅቡቲ እስከ ሐረር፣ ሁለተኛው ከሐረር እስከ እንጦጦ፣ ሦስተኛው ከእንጦጦ እስከ ከፋና እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ ነው። እንግዲህ የከፋ ባቡር የትናንት ወሬ አይደለም፤ በአገራችን የባቡር ታሪክ በመጀመሪያው ወረቀት ላይ የተጻፈ ነው። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። እዚያም ቆመ። ለሦስተኛው ክፍል አንድ ክንድ ሐዲድ እንኳ ሳይነጠፍለት ቀረ።

የዚህ አገር ቡና ግን ባቡሩን ቆሞ አልጠበቀም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ የሲራራ ነጋዴ መሰብሰቢያ ነበረ። ቡናው፣ ማሩና ዝባዱ በበቅሎ ጀርባ ተጭኖ ጊቤን ይሻገር ነበር። ቆይቶ በጣልያን ወረራ ዘመን የመኪና መንገድ እስከ ጅማ ተሠራ፤ ከዚያ ወዲህ የዚህ አገር ዕድል በመኪና ላይ ተንጠለጠለ። በ1950ዎቹ ደግሞ ከናዝሬት ወደ ሌላው የቡና አገር፣ ወደ ዲላ፣ ሐዲድ ለመዘርጋት ታቅዶ ነበር፤ እሱም ሳይሠራ ቀረ። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው የዕድገትና የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከዘረዘራቸው የባቡር መሥመሮች አንዱ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በእጃጂ በኩል ጅማ፣ ከጅማም በጉራፈርዳ አድርጎ ወደ ዲማ የሚዘልቅ ነበር። የዕቅዱ አምስት ዓመት አለቀ፤ በጅማ በኩል ሐዲድ አልታየም።

የተሠራው በሌላ በኩል ነው። የአዲስ አበባ የከተማ ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መሥመር በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት መስጠት ጀመረ። በዚህ አንቀናም፤ የአገር ሀብት ነው። ነገር ግን ከእነዚህ ከተሠሩት የምንማረው ትምህርት አለ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ቡናው እንምጣ። ብዙ ሰዎች «ቡናችን የባቡሩን ወጪ ይሸፍናል» ሲሉ እንሰማለን። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ወደ ውጭ አገር የላከችው ቡና በጠቅላላው ከ460 ሺህ ቶን በላይ፣ የተገኘውም ገንዘብ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ገንዘቡ እውነትም ብዙ ነው። ባቡር ግን የሚኖረው በሚጭነው ብዛት እንጂ ጭነቱ በሚያወጣው ዋጋ አይደለም። አንድ የጭነት ባቡር በአንድ ጉዞ 1,000 ቶን ብቻ ይጭናል ብንል፣ የሲዳማው፣ የይርጋ ጨፌው፣ የሐረሩ፣ የወለጋው፣ የጅማውና የከፋው ቡና ሁሉ ተጠራቅሞ በዓመት 460 ያህል ጉዞ ነው። በቀን ሲካፈል አንድ ባቡር ከጥቂት ቢበልጥ ነው። ይህ የአገሪቱ ሁሉ ነው፤ የእኛ ድርሻ ከዚህ ውስጥ አንድ ቁራሽ ነው። ያም ቢሆን ዓመቱን በሙሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በለቀማና በማድረቂያ ወራት መጋዘኑ በጆንያ ይጨናነቃል፤ ክረምት ሲገባ ይራቆታል።

ስለዚህ ቡና ብቻውን ባቡር ሊያቆም አይችልም። ሐዲዱ ሥራ እንዳይፈታ ከታች የሚመጣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ፣ ሲሚንቶና ጨው፣ ከዚህ የሚሄድ ቡናና በቆሎ ያስፈልገዋል። ከሁሉ ይልቅ ግን ክረምት ከበጋ ሳይል በየቀኑ የሚሳፈር ሰው ያስፈልገዋል። በቡናው ስም ብቻ የተጠየቀ ባቡር ቢመጣም እንኳ ጆንያ ጭኖ ወደ ባሕር የሚወርድ፣ ሰዉን በጣቢያው አጥር ላይ ትቶት የሚያልፍ ባቡር ይሆናል። እኛ እንዲህ ያለውን ባቡር ለመቀበል እንጓጓለን?

የሰዉን ነገር ስናነሣ በመናኸሪያ ያየነውን አንድ ነገር ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በኅዳር ወር ከሰዓት በኋላ አንድ ጓደኛችንን ከአጋሮ ልንቀበል ወጥተን ነበር። ጓደኛችን ገና አልደረሰም። አንዲት እናት ሕፃን ልጅ አዝለው፣ በእጃቸው የሐኪም ወረቀት ይዘው ከአንድ መኪና ወረዱና ሰዓት ጠየቁን። ዘጠኝ ሰዓት መሆኑን ነገርናቸው። ዝም አሉ። «እናታችን፣ ከየት ነው የመጡት?» ብንላቸው «ከጌራ ነው ልጆቼ፤ ቀጠሮው ለጠዋት ነበር» አሉን። በሌሊት ከቤታቸው ወጥተው መኪና ላይ የተቀመጡት በማለዳ ነው፤ መኪናው ግን ሳይሞላ አይነሣምና ሰው እስኪሞላ ጠበቁ። አጋሮ ወርደው ሌላ መኪና ሲይዙም እንደገና እስኪሞላ ጠበቁ። «ምን ላድርግ» አሉ፤ «እኔ ብቻዬን መኪና አልሞላ!»

ይህ ንግግር ከእኛ ዘንድ አልጠፋም። ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ሕዝብ ሁሉ ለሕክምና፣ ለትምህርት፣ ለፍርድ ቤትና ለገበያ የሚመጣባት ከተማ ናት። ከአጋሮ ጅማ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከቦንጋም መቶ ኪሎ ሜትር ከጥቂት የሚበልጥ ነው። ይህ መንገድ ሩቅ ተብሎ የሚለቀስበት አይደለም። ሰዉን የሚያደክመው ርቀቱ ሳይሆን ሰዓቱን አለማወቁ ነው። ሥራው በተራ ነው፤ ተራ የደረሰው መኪና እስኪሞላ ይቆማል፤ ከሞላ በኋላ ደግሞ በመተላለፊያው ላይ በርጩማ ተጨምሮ ሌላ ሰው ይጫናል። ሾፌሩንና ረዳቱን ብቻ መውቀስ ፍርድ ማጓደል ነው። የነዳጁ፣ የጎማውና የመለዋወጫው ዋጋ በእነሱ ላይ ነው፤ ባዶ ወንበር ይዘው ቢነሡ ኪሳራውን የሚካፈላቸው የለም። ጥፋቱ የአሠራሩ ነው።

የከተማችንም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። አዌቱ ወንዝ ጅማን በመካከሏ አቋርጦ ይሄዳል፤ ከወንዙ ወዲያና ወዲህ ያለው ሕዝብ በጥቂት ድልድዮች ላይ ይገናኛል። በሐሙስ ገበያ ቀን በድልድዩ ላይ የሚታየውን ግፊያ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ጭነት መኪናውና እግረኛው በአንድ ላይ ይታጎራል። ባጃጅ ለዚህች ከተማ ባለውለታ ነው፤ የብዙ ወጣት እንጀራም ነው፤ ይጥፋ የምንል አይደለንም። ነገር ግን ሦስት ሰው የሚጭን ተሽከርካሪ የአንድን ከተማ ሕዝብ ብቻውን ሊሸከም አይችልም። ቤንዚን በጠፋ ቀን ባለባጃጁ ከማደያ ሰልፍ ላይ ይውላል፤ ሕዝቡም በእግሩ ይውላል። ማታ ሲሆን ዋጋው እንደ ሾፌሩ ፈቃድ ነው። ዋናው ግቢ፣ የግብርናው ግቢና ኪቶ ፉርዲሳ ተራርቀው ሳሉ በክረምት ዝናብ ከቤተ መጻሕፍት በምሽት የምትመለስ እኅታችን ያላት ምርጫ ወይ ያላትን ሳንቲም ሁሉ መክፈል፣ ወይ በጨለማ መሄድ ነው።

እዚህ ላይ ተከራካሪያችን «ይህ ሁሉ የሚያሳየው ባቡር እንደሚያስፈልግ ነው» ይለን ይሆናል። ልክ ነው፤ ያስፈልጋል። ነገር ግን ባቡርን መግዛትና ባቡር ኖሮን መኖር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ቀደም ሲል እንመለስበታለን ያልነው ትምህርት ይህ ነው። ለአዲስ አበባ የከተማ ባቡር 41 ተጎታቾች ተገዝተው ነበር፤ ብዙ ዓመት ሳይቆይ ከእነርሱ ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ታዩ። ሕዝቡ ባቡሩን ጠልቶ አልነበረም፤ ይልቁንም በጣቢያው ላይ እየተጋፋ ይጠብቅ ነበር። የጎደለው የሚጠግነው እጅና የሚገዛበት የውጭ ምንዛሪ ነው። በአዲሱ የጅቡቲ መሥመር ደግሞ ጣቢያዎቹ ከከተሞቹ መካከል ርቀው ስለ ተሠሩ ተሳፋሪው ባቡር ለመያዝ አስቀድሞ ሌላ መኪና መያዝ ግድ ሆነበት። ጣቢያው ከሕዝቡ ከራቀ ባቡሩም ከሕዝቡ ይርቃል።

ከዚህ የሚበልጥ ምሳሌ ድሬዳዋ ናት። የመጀመሪያው ሐዲድ የሐረርን ተራራ መውጣት ከባድ ስለ ሆነበት ከተራራው በታች አለፈ፤ ሜዳ በነበረው ቦታ ላይ አዲስ ከተማ በቀለ፤ የጥንቷ የሐረር ንግድም ወደዚያ ወረደ። የሐዲድ መሥመር በካርታ ላይ የተሰመረ ቀጭን መሥመር ይመስላል፤ ነገር ግን ከተማ የሚተክልም ከተማ የሚያደርቅም እሱ ነው። ነገ የጅማ ጣቢያ የት ይሁን የሚባልበት ቀን ቢመጣ፣ ቦታው ሁሉ በቤትና በመጋዘን ከተያዘ ጣቢያው የሚሠራው በገደል ማዶ ነው። ያን ጊዜ ማንን እንወቅሳለን?

ደግሞም ወደ ጅማ የሚመጣ ሐዲድ የጊቤን ሸለቆ ወርዶ መውጣት አለበት። መኪና እየዞረ የሚወጣውን ዳገት ባቡር አይወጣውም፤ ዋሻና ረጅም ድልድይ ይፈልጋል። ይህም ብዙ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡም በብድር የሚመጣ ነው። ብድሩን የምንከፍለው እኛና ልጆቻችን ነን። ስለዚህ «በዚህ መሥመር ላይ በየቀኑ ስንት ሰው ይሄዳል? ከየት ወዴት? በስንት ሰዓት? ስንት ሊከፍል ይችላል?» ተብሎ ሲጠየቅ መልስ ያለው ከተማ ባቡሩን ያገኛል፤ መልስ የሌለው ከተማ ግን ሌላ መቶ ሠላሳ ዓመት ይጠብቃል።

መልሱን የሚሰጠን ደግሞ አውቶቡሱ ነው። ሰዓቱን ጠብቆ የሚነሣ አውቶቡስ ሰውን ከማመላለሱ ሌላ የተጓዡን ቁጥር በየቀኑ የሚጽፍ መዝገብ ነው። ከጅማ አጋሮ፣ ከጅማ ሊሙ፣ ከጅማ ሸቤና ቦንጋ የሚሄደው አውቶቡስ በአንድና በሦስት ሰዓት፣ በስድስትና በዘጠኝ ሰዓት፣ ቢሞላም ባይሞላም ይነሣል ቢባል፣ በመጀመሪያው ወር ወንበሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። ሰዉ ሰዓቱን ካመነ ግን ለሰዓቱ ይመጣል። ገበሬው ቡናውን አስረክቦ በስንት ሰዓት እንደሚመለስ ያውቃል፤ የጌራዋ እናትም ቀጠሯቸው አያልፍባቸውም። የባዶውን ወንበር ኪሳራ የመኪና ባለቤቶች ማኅበራትና የከተማው አስተዳደር ለሙከራው ጊዜ ተካፍለው ቢሸከሙት ከአንድ ዋሻ ጋር ሲነጻጸር የቡና ስኒ ያህል ወጪ ነው።

ኃይሉስ ከየት ይመጣል የሚል ቢኖር፣ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው ተረት በእኛ ላይ እንዳይፈጸም እንጠንቀቅ። 184 ሜጋ ዋት ያለው የመጀመሪያው የጊልገል ጊቤ ግድብ በጅማ መንገድ ላይ ነው። ከእርሱ በታች 1,870 ሜጋ ዋት ያለው ጊቤ ሦስት በዚሁ ተፋሰስ ላይ ቆሟል። ከእነዚህ ወንዞች የሚወጣው ኃይል በአገሪቱ መረብ ውስጥ ይገባል፤ የጅቡቲው ባቡር የሚሄደውም ከዚሁ መረብ በሚያገኘው ኃይል ነው። የጊቤ ልጅ ግን ቤንዚን ሲጠብቅ ይውላል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ፣ በአዲስ አበባም በኤሌክትሪክ የሚሠሩ አውቶቡሶች ሥራ ከጀመሩ፣ ጅማ ከእነዚህ ጥቂቱን ብትጠይቅ ድፍረት አይባልም።

እንግዲህ አሳባችንን በሦስት ነጥብ እንጠቅልለው። አንደኛ፣ የከተማው አስተዳደርና ዩኒቨርሲቲው ተስማምተው ከመናኸሪያ በመርካቶ አድርጎ ሦስቱን ግቢዎች የሚያገናኝ፣ ሰዓቱና ዋጋው በሰሌዳ የተጻፈ አውቶቡስ ያቁሙ፤ ወደ ቡና ከተሞቹ የሚሄዱት መኪናዎችም ቢያንስ በቀን አራት ጊዜ በታወቀ ሰዓት እንዲነሡ ይደረግ። ሁለተኛ፣ የሚመለከተው የባቡር መሥሪያ ቤት የጅማን መሥመር ነገር በግልጽ ይናገር፤ ተትቶ ከሆነ ተትቷል ይበል፤ በአሳብ ላይ ከሆነም ምን እንደሚቀረው ያስረዳ። የማይመጣ እንግዳ መጠበቅ አድካሚ ነው። ሦስተኛ፣ ከሁሉ ርካሽ የሆነው፣ ለወደፊቱ ጣቢያ የሚሆን ቦታና ሐዲዱ የሚገባበት መሥመር በከተማው ፕላን ላይ ከአሁኑ ይከለል፤ ቦታውም ሕዝቡ በእግሩ ሊደርስበት የሚችል ይሁን።

ይህን ሁሉ በሌላው ላይ ጭነን እጃችንን አጣጥፈን ልንቀመጥ አይገባም። እውነቱን እንናገር ከተባለ የእኛም ጥፋት አለ። ዕቅድ ሲታወጅ እናጨበጭባለን፤ ሳይሠራ ሲቀር እንሳለቃለን፤ በመካከሉ ያለውን ሥራ ግን ማንም አይሠራውም። የቴክኖሎጂው ወንድማችን መንገድ መለካት ያውቃል፤ የኢኮኖሚክሱ ሒሳብ ያውቃል፤ እኛ የጥበባት ተማሪዎችም ቢያንስ ሰውን ጠይቀን መጻፍ እናውቃለን። አብዛኞቹ መንገደኞች የሚናገሩትን ኦሮምኛና ከፍኛ አጥርተው የሚያውቁ እኅቶችና ወንድሞች በመካከላችን ሞልተዋል።

ስለዚህ ለተማሪዎች ማኅበር የምናቀርበው ጥያቄ አጭር ነው። ከየፋኩልቲው አምስት አምስት ሰው ተመርጦ ለአንድ ሳምንት፣ ከሰኞ እስከ እሑድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት በመናኸሪያው በር በተራ ይቁም። የገባውን መኪና፣ የወረደውን ሰው፣ የተነሣበትን ከተማ፣ ሳይንቀሳቀስ የቆየበትን ሰዓትና የከፈለውን ዋጋ ይመዝግብ። ውጤቱ በሚቀጥለው እትም በዚህ መጽሔት ላይ ይውጣ፤ አንድ ቅጂ ለከተማው አስተዳደር፣ አንድ ቅጂ ለባቡሩ መሥሪያ ቤት ይላክ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ደብተር፣ እርሳስና ጃንጥላ ነው። ከእኛ መካከል ስድስታችን ስማችንን አስመዝግበናል፤ የቀረው ቦታ የእናንተ ነው።